ሳያፈስ የሚያነባ ጣሪያ፦ የደሴን ቤት ከብርድ እንዴት እንከላከል

ኅዳር ላይ የደሴ ሰማይ ጥርት ይላል። ጦሳ ላይ አንድም ደመና አይታይም። ብርዱ የሚጠናውም ያኔ ነው። እኛ ቤት በእንዲህ ያለ ሌሊት ማግስት ምንጣፉ ላይ የውኃ ጠብታ እናገኝ ነበር። ዝናብ ካቆመ ግን ሳምንታት አልፈዋል። አናጺ ጠራሁ። ጣሪያውን ዞር ዞር ብሎ አየና «አብሽር ወንድሜ፣ የምስማሩ ጎማ ደርቆ ነው» አለኝ። ምስማር ተቀየረ፣ ጎማ ተቀየረ። በማግስቱ ጠዋት ያው ጠብታ። ሌላ አናጺ መጣ፣ እሱም ምስማር ቀየረ። ጠብታው እንደነበረ ቀጠለ።

በኋላ ነው የገባኝ። ጣሪያው አያፈስም። ውኃው ከውጭ አልመጣም፤ የእኛው ትንፋሽ፣ የእኛው ቡናና የእኛው ወጥ እንፋሎት ነው። ሞቅ ያለው አየር በኮርኒሱ ስንጥቅ ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣል። ቆርቆሮው ደግሞ ጥርት ባለ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ እሱን ሲነካ ጤዛ ይሆንና ይንጠባጠባል። በሌላ አነጋገር የሚወርደው ጠብታ የምናጣው ሙቀት ምልክት ነው። ከሰል ገዝተን ያሞቅነው አየር በዚያው መንገድ ነው የሚሄደው።

አያቶቻችን ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ደላንታም ሆነ መቄት ያለ የሣር ጎጆ ሌሊቱን ሙቀቱን ይዞ ያድራል። የሣሩ ክዳን ወፍራም ነው፤ በእያንዳንዱ ሰበዝ መካከል የማይንቀሳቀስ አየር ታፍኖ ይቀመጣል። ሙቀት የሚይዘው ያ የታፈነ አየር ነው። ቆርቆሮ ይህን ነገር ወሰደብን። ዝናብን በደንብ ይመልሳል፣ ሣሩም እንደ ድሮው አይገኝም፣ ስለዚህ ወደ ኋላ መመለስ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ያን የታፈነ አየር ከቆርቆሮው በታች መልሶ ማስቀመጥ ነው። የሚነፋው ፎምም ሆነ ስታይሮፎም (ለዕቃ ማሸጊያ የሚያገለግለው ነጭ ቀላል ሰሌዳ) ሥራቸው ይኸው ነው።

እዚህ የምጽፈው በራሴ ቤት የሠራሁትን ነው። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ፣ የባሕር ዛፍ ወራጅ፣ የቆርቆሮ ክዳንና የችፑድ ኮርኒስ ያለው ተራ የደሴ ቤት ነው።

መጀመሪያ፦ ያፈሳል ወይስ ያነባል?

ጠመኔ ያዙ። ጠብታ ባያችሁበት ቦታ ሁሉ ወለሉ ላይ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ዝናብ በዘነበ ቀን ብቻ ከሆነ ቆርቆሮው ያፈሳል፤ መጀመሪያ እሱን አስጠግኑ። ዝናብ በሌለበት፣ ጥርት ባለ ብርዳማ ጠዋት ከሆነ ጤዛ ነው። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ፎም ማስገባት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ውኃው ተደብቆ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ እናንተም የምታውቁት ወራጁ ሲጎብጥ ነው።

ወራቱንም ምረጡ። በወሎ ከክረምቱ ሌላ በልግም አለ። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። እንጨቱ ደርቋል፣ ጠብታውም በዓይን ይታያል።

ቀዳዳውን በዕጣን መፈለግ

ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ዕቃው ሁሉ ቤት ውስጥ አለ። ብርድ ባለበት ማታ መስኮትና በር ዝጉ። ማጨሻው ላይ ትንሽ ዕጣን ጣሉና ጢሱን በኮርኒሱ ጠርዝ ሥር ቀስ እያላችሁ አሳልፉት። ጢሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ወደ አንድ ስንጥቅ ተጠምዝዞ ከገባ ሙቀታችሁ የሚወጣው በዚያ ነው። ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ኮርኒሱ ጨርቅ ወይም ማዳበሪያ ከሆነ ግን እሳቱን አታስጠጉት።

እኔ ቤት ትልልቆቹ ቀዳዳዎች የጠበቅኳቸው ቦታ ላይ አልነበሩም። የመብራት ሽቦ የሚወርድበት ቀዳዳ፣ ኮርኒሱና ግድግዳው የሚገናኙበት ጥግ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ ጣሪያው የሚያስወጣው የኮርኒስ በር ነበሩ። በሩ ላይ ጢሱ እንደ ጭስ ማውጫ ተስቦ ገባ።

ወደ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት

በማለዳ ውጡ። ቀትር ላይ ከቆርቆሮ ሥር መቆየት አይቻልም፤ በደሴ ብርድ እንኳ ፀሐይ ከመታው ይፋጃል። ብቻችሁን አትውጡ። አንድ ሰው ከታች መሰላሉን ይያዝ። እግራችሁን እንጨቱ ላይ ብቻ አሳርፉ፤ ችፑድ ሰው አይሸከምም። ሰፋ ያለ ጣውላ ይዛችሁ ወጥታችሁ እንጨት ላይ አጋድሙትና እሱ ላይ ተንበርከኩ።

መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ብሬከሩን አውርዱና ማንም እንዳይነካው ለቤተሰቡ ተናገሩ።

የአይጥ ኩስ ካለ በደረቁ አትጥረጉት። ውኃና በረኪና ርጩበት፣ ትንሽ ይቆይ፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት። ጓንትና ማስክ አድርጉ።

ቀጥሎ ሽቦውን እዩ። አብዛኛው የቆየ ቤታችን ኮርኒስ ላይ ሽቦ በሽቦ ተጠምዝዞ በፕላስተር የታሰረ መገጣጠሚያ አለ። እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ በፎም ተሸፍኖ ሲሞቅ እሳት ያስነሣል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ መገጣጠሚያውን ሁሉ ክዳን ባለው ጀንክሽን ቦክስ ውስጥ አስገቡ፤ ሽቦውንም በፕላስቲክ ቱቦ አሳልፉት። ለቱቦው ሌላም ምክንያት አለ። ስታይሮፎም የሽቦውን ፕላስቲክ ልባስ ለረጅም ጊዜ ከነካው ልባሱን የሚያለሰልሰው ቅመም ወደ ፎሙ ይሄዳል። ልባሱ ይደርቃል፣ ከዚያም ይሰነጠቃል። ኮርኒስ ውስጥ የተቀበረ አምፖል ካላችሁ ደግሞ ዙሪያውን ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉ።

በቆርቆሮ የሚሸጠው ፎም፦ ለስንጥቅ እንጂ ለጣሪያ አይደለም

የአሉሚኒየም በርና መስኮት ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን 750 ሚሊ ሊትር የሚረጭ ፎም ታውቁታላችሁ። ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ይገኛል። ብዙ ሰው «ጣሪያውን ሁሉ በዚህ ለምን አልነፋም?» ይላል። እኔም አስቤው ነበር። እስቲ እናስላው። 4 በ5 የሆነ ክፍል 20 ካሬ ሜትር ነው። 5 ሴንቲ ውፍረት ብንፈልግ 1 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1000 ሊትር ፎም ያስፈልጋል። አንዱ ቆርቆሮ ተነፍቶ 30 ሊትር ቢወጣው እንኳ ከ33 ቆርቆሮ በላይ ያልቃል ማለት ነው፤ ለአንድ ክፍል። ገንዘቡ አይደለም ችግሩ ብቻ። በቆርቆሮው ውስጥ የሚገፋው ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። ያን ሁሉ በጠባብ ቦታ መንፋት ቤት ማቃጠል ነው።

ለስንጥቅ ግን የሚወዳደረው የለም። አሠራሩ እንዲህ ነው።

የፎሙ ቆርቆሮ ቀዝቃዛ ከሆነ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በደንብ ይነፋል። እሳት ላይ ወይም ፀሐይ ላይ አታሙቁት፤ ይፈነዳል። ቤት ውስጥ ያለውን ከሰል፣ ማጨሻና ሲጋራ ሁሉ አጥፉ፤ ምጣድም ሥራ ላይ አይሁን። መስኮት ይከፈት። የዓይን መነጽር፣ ጓንትና ሻሽ አድርጉ። ፎሙ ፀጉርና ቆዳ ላይ ከደረቀ አይለቅም። ሳይደርቅ በአሴቶን ይለቃል፤ ከደረቀ በኋላ መፋቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

ስንጥቁን አቧራውን ጥረጉና ውኃ እፍ አድርጉበት። ይህ ፎም የሚደርቀው በእርጥበት ነው። በደሴ የበጋ ደረቅ አየር ውኃ ካልተረጨበት መሐሉ ለብዙ ሰዓት እንደ ማር ይቆያል። ቆርቆሮውን 20 ጊዜ ያህል በደንብ ነቅንቁ። ገልብጣችሁ፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ ንፉ። ስንጥቁን ግማሹን ብቻ ሙሉት፤ የቀረውን ራሱ ተነፍቶ ይሞላዋል። እኔ መጀመሪያ ቀን ሞልቼ ነፋሁና ፎሙ ኮርኒሱን ገፍቶ ሊስቴሎውን፣ ያን መጋጠሚያ የሚሸፍን ቀጭን እንጨት፣ ነቀለው።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ትርፉ በቢላዋ ይቆረጣል። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አንድ ቀን ስጡት። ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ያለውን ቀለም ቀቡት ወይም በጭቃና በጂፕሰም ለስኑት። ፀሐይ የመታው ፎም ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይረግፋል።

ሽፋኑን መዘርጋት

ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ነው ወፍራሙ ሽፋን የሚመጣው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከቆርቆሮው ሥር መለጠፍ ነው። ሌላው ከኮርኒሱ ጀርባ መዘርጋት ነው። ለኛ ዓይነት ቤት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቆርቆሮው ነፃ ይሆናል፣ ሲያፈስ ይታያል፣ ሲያረጅ ይቀየራል። ከሽፋኑ በላይ ያለው ቦታ ደግሞ በጣሪያው ጠርዝ ንፋስ እያገኘ ይደርቃል። ስለዚህ የጣሪያውን ጠርዝ ቀዳዳ አትዝጉት። ወፍና አይጥ እንዳይገባ የወንፊት ሽቦ ብቻ ምቱበት። የምንዘጋው ከክፍሉ ወደ ላይ የሚወጣውን ነው።

ከጭድ ይጀመር የሚል ሰው አይጠፋም። ጭድ በእርግጥ ጥሩ ብርድ መከላከያ ነው። ደረቁን ብቻ መሙላት ግን ለእሳትና ለአይጥ መደገስ ነው። በጭቃ ከታሸ ከእሳቱ ይሻላል፣ ክብደቱ ግን ይመጣል። ቀለል ተደርጎ የታሸው እንኳ በሜትር ኩብ 300 ኪሎ ቢመዝን፣ 10 ሴንቲ ውፍረት ሲዘረጋ 20 ካሬ ሜትሩ ላይ 600 ኪሎ ይሆናል። ይህ 6 ኩንታል እህል ኮርኒስ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። ችፑድ አይችለውም። አሮጌ ስፖንጅና ፍራሽም አታስገቡ። ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ከእሳቱ በፊት ይገድላል።

ስታይሮፎም በሜትር ኩብ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ብቻ ነው። ያው ክፍል ላይ 10 ሴንቲ ቢዘረጋ ከ40 ኪሎ አያልፍም። 5 ሴንቲ የሆነውን ገዝታችሁ ሁለት ደርብ አድርጉት። የመጀመሪያውን በእንጨቶቹ መሐል ልክ ቆርጣችሁ አስገቡ። ሁለተኛውን አቋርጣችሁ፣ የታችኛው መጋጠሚያ ላይ የላይኛው መሐል እንዲያርፍ አድርጋችሁ ዘርጉ። መጋጠሚያው አንድ መስመር ላይ ከዋለ ብርዱ በዚያው ይወርዳል። ጠርዙ ላይ የቀረውን ክፍተት በሚረጨው ፎም ሙሉት። ለማጣበቅ ቤንዚን ወይም አሴቶን ያለበት ማስቲሽ አትጠቀሙ፤ ስታይሮፎሙን ያቀልጠዋል።

የመስታወት ጥጥ ካገኛችሁ ከስታይሮፎም እሱን እመርጣለሁ። አይቃጠልም። ቆዳ ግን ያሳክካል፤ ማስክና እጅጌ ረጅም ልብስ ግድ ነው። ስታይሮፎም ከመረጣችሁ ሲገዛ እሳትን የሚቋቋም ቅመም ያለውን ጠይቁ፤ ያም ሆኖ ከታቹ ችፑድ ወይም ከሁሉ የሚሻለው የጂፕሰም ቦርድ ይኑር እንጂ ለክፍሉ ክፍት ሆኖ አይቅር። ኮርኒሳችሁ ማዳበሪያ ወይም አቡጀዴ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ቀይሩ። ጨርቅ ላይ የተጋደመ ፎም አይቆይም፣ እሳትም አይመልስም።

ደሴ፣ ኩታበር፣ ወረኢሉ ላሉ ከሽፋኑ ሥር፣ በክፍሉ በኩል፣ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ። እንፋሎቱ ወደ ሽፋኑ እንዳይገባ ያግዛል። ላስቲኩ መደራረብ አለበት፤ መጋጠሚያው በፕላስተር ይዘጋ።

ኮምቦልቻና ባቲ ያላችሁ ግን ላስቲኩን ተዉት። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም 600 ሜትር ያህል ይወርዳል። እዚያ የሚያስጨንቀው ከላይ የሚመጣ ሙቀት ነው። ከቆርቆሮው ሥር ሁለት ሦስት ሴንቲ ክፍተት ትታችሁ የሚያብረቀርቅ ፎይል ወጥሩ፤ የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ ክፍተቱ ይዙር። ክፍተት ከሌለው ፎይሉ ጥቅም የለውም። ጣሪያው ጫፍ ላይ ትኩስ አየር የሚወጣበት መተንፈሻ ካበጃችሁ ደግሞ ለውጡ የዚያኑ ቀን ይታወቃችኋል።

በማሽን የሚረጨውስ?

ሁለት ፈሳሽ በሙቀት ተቀላቅሎ የሚረጭ ፎም አለ። ቆርቆሮ ላይ ተጣብቆ ስንጥቁንም ብርዱንም በአንድ ጊዜ ይዘጋል። ጠንካራው ዓይነት በተመሳሳይ ውፍረት ከስታይሮፎም ይበልጣል። የዝናቡንም ጩኸት ይቀንሳል። የብረት ጣሪያ ላለው መጋዘን፣ የዶሮ ቤት ወይም ኮርኒስ ለሌለው አዳራሽ ተገቢ ነው። ለባሕር ዛፍ ወራጅ ቤት አልመክረውም። ቆርቆሮው ከእንግዲህ ሳይበላሽ አይነቀልም፣ ምስጥም ፎሙን ቦርቡሮ ሲወጣ አይታይም።

ካሠራችሁ ሠራተኛውን ሦስት ነገር ጠይቁት። ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ ጭንብል አለህ? ከፈሳሾቹ አንዱ አይሶስያኔት ይባላል፤ አንዴ ሳንባን ካስቆጣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አስም ሊያመጣ ይችላል። በአንድ ጊዜ ስንት ሴንቲ ትረጫለህ? ጠንካራውን ዓይነት ከ5 ሴንቲ በላይ በአንዴ ከረጨ መሐሉ ሞቆ ሊያርር፣ ሊቀጣጠልም ይችላል፤ ደርብ በደርብ ነው የሚሠራው። ሲያልቅ በምን ይሸፈናል? የተጋለጠ ፎም በፍጥነት ይቃጠላል፤ ሰው በሚኖርበት ቤት 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የጂፕሰም ቦርድ ያስፈልገዋል። ቤተሰቡ ቢያንስ 24 ሰዓት ከቤት ይውጣ። ሕፃንና አስም ያለበት ሰው ካለ ከዚያም ይቆይ። ሽታው ካልጠፋ አትግቡ።

ከሰሉ

ይህን ክፍል ሳያነብ ሥራ የሚጀምር ሰው እንዳይኖር እለምናለሁ።

በደሴ ብርድ ማታ ማንደጃው ከነፍሙ ወደ ቤት ይገባል። ቡናው በዙሪያው ይፈላል፣ ልጆች እጃቸውን ያሞቃሉ። እስከ ዛሬ የጠበቀን ያ የምንማረርበት ስንጥቅ ነው። መርዙን ያወጣው ነበር። ስንጥቁን በፎም ስንዘጋ መርዙንም አብረን እንዘጋዋለን። ፍም ጢስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይሸትም፣ አይታይም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞርና ማስመለስ፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመጣል። ያ እንቅልፍ መንቃት የሌለው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ኮርኒሱን የዘጋ ቤት ከሰሉን በረንዳ ላይ ያቀጣጥል፤ ቡናውም እዚያው ይፍላ። ብርድ ሆኖ ወደ ውስጥ ከገባም መስኮት ተከፍቶ ብቻ ይሁን። ከመኝታ በፊት ማንደጃው ከነዐመዱ ይውጣ። ዐመድ የለበሰ ፍም የጠፋ ፍም አይደለም። ግድግዳው ላይ አንድ ወደ ታች፣ አንድ ወደ ላይ፣ እያንዳንዱ 15 በ15 ሴንቲ የሆነ መተንፈሻ አውጡ፤ ወንፊት ይኑረው፣ በብርድ ምክንያት በጨርቅ አይወተፍ። መተንፈሻው አለ ብሎ ግን ከከሰል ጋር መተኛት አይፈቀድም። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ሌላ ምክንያት ሳትፈልጉ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡና ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ተቆጥታ ነበር። «ልጄ፣ ብርዱን አስወጣሁ ብለህ ቀዳዳ ትከፍትብኛለህ?» አለችኝ። ልክ ናት፣ በመተንፈሻው ትንሽ ብርድ ይገባል። ግን በመቶ ስንጥቅ እንደሚገባው አይደለም፤ የት እንደሚገባም እናውቃለን። አሁን ፍራሿን ከእሱ አርቃለች።

የኮርኒሱ በርና የኅዳር ፍተሻ

የኮርኒሱን በር አትርሱት። ጀርባው ላይ 10 ሴንቲ ስታይሮፎም ለጥፉ፣ ዙሪያውን የመስኮት ስፖንጅ አድርጉበት፣ በመንጠቆ ወደ ላይ ይሳብ።

ከዚያ ጥርት ያለ ብርዳማ ሌሊት ጠብቁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሩን ከፍታችሁ ባትሪ አብሩ። ቆርቆሮው ላይ ስስ ጤዛ ካለ አትደንግጡ፤ ከውጭ አየርም ሊመጣ ይችላል፣ ፀሐይ ሲወጣና ንፋስ ሲገባ ይደርቃል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተሰብስቦ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ልክ ከሥሩ ያልተዘጋ ቀዳዳ አለ። ማታ ዕጣኑን ይዛችሁ ያን ቦታ እንደገና ፈልጉ። እኔ ሁለት አግኝቻለሁ፤ ሁለቱም የመብራት ሽቦ ቀዳዳ ነበሩ።